ከስክሪን በስልክ የተነሳ ሲቲ ስካን፦ የድሬዳዋ አንድ ጉዳይ

## ስለዚህ ጽሑፍ

በድሬዳዋ በሚገኝ አንድ የግል የምርመራ ማዕከል የአንዲት ታካሚ የደረት ሲቲ ስካን ከስክሪን ላይ በስልክ ፎቶ ተነስቶ፣ ስሟ ሳይሸፈን፣ ወደ ባለሙያዎች የቴሌግራም ግሩፕ ተላከ። በማግስቱ ካንሰር እንዳለባት በሰፈሯ ይወራ ነበር። እሷ ውጤቷን ገና አልሰማችም፤ ካንሰርም አልነበረባትም።

ታካሚዋ ጉዳዩ በቃላት እንዲጻፍ ፈቅዳለች። ማንነቷን ሊጠቁሙ የሚችሉ እንደ ዕድሜ፣ ሥራና ጊዜ ያሉ ዝርዝሮች ተለውጠዋል ወይም ተትተዋል፤ ማዕከሉና ባለሙያዎቹም በስም አይጠቀሱም። ጉዳዩን ለመመዝገብ ያበቃው አንዱ ፎቶ ምስጢሯንም ማውጣቱ፣ በሽታዋንም ማሳሳቱ ነው። ሁለቱ ጉዳቶች ከአንድ ልማድ የመጡ ናቸው፤ ማዕከሉ ልማዱን ሲቀይር ሁለቱም አብረው ቀነሱ።

## ታካሚዋና ማዕከሉ

ታካሚዋ በአርባዎቹ ዕድሜ ያለች ነጋዴ ናት። ያደገችው በጎችና ውሾች ከሰው ደጅ በማይጠፉበት ገጠር ነው። አፏን የፈታችው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ አማርኛ ለገበያ ያህል ትናገራለች፣ አታነብም። ለወራት የቆየ ደረቅ ሳልና በቀኝ ጎኗ የሚሰማት ሕመም ነበራት። ሁለት ጊዜ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ወስዳ አልተሻላትም፤ የአክታ ምርመራዋም ቲቢ አላሳየም። በራጁ ላይ በቀኝ ሳንባዋ የታችኛው ክፍል ክብ ጥላ ስለታየ ሐኪሟ በኮንትራስት (በደም ሥር ተሰጥቶ የሰውነት ክፍሎችን በምስሉ ላይ አጉልቶ በሚያሳይ ፈሳሽ) የታገዘ ሲቲ ስካን አዘዘላት።

ማዕከሉ አንድ የሲቲ ማሽን፣ ሁለት አልትራሳውንድና ጥቂት ራዲዮግራፈሮች (ምስሉን በማሽን የሚያነሱ ባለሙያዎች) አሉት። ምስሉን አንብቦ ውጤት የሚጽፈው ሐኪም፣ ራዲዮሎጂስቱ፣ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው የሚመጣው፤ የቀሩትን ቀናት ምርመራዎች ሲመጣ ያነባል። ስለዚህ የጽሑፍ ውጤት አንዳንዴ ሁለትና ሦስት ቀን ይቆያል። ላኪ ሐኪሞች ግን ቶሎ ይፈልጋሉ፤ ከሩቅ የመጣ ታካሚም አልጋ ተከራይቶ መጠበቅ አይችልም። ክፍተቱን የሞላው ከ200 በላይ አባላት ያሉት የቴሌግራም ግሩፕ ነበር። ራዲዮሎጂስቶች፣ ጠቅላላ ሐኪሞች፣ የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች፣ ራዲዮግራፈሮች፣ የሕክምና ተማሪዎችም አሉበት። ማን ይግባ ማን ይውጣ የሚል ደንብ አልነበረውም። አባል የሆነ ሰው ሌላውን ያስገባል፤ ሥራ የለቀቀም ውስጡ ይቀራል።

ግሩፑን በክፉ ብቻ ማንሳት አይገባም። በሌሊት የመጣ የጭንቅላት ውስጥ ደም መፍሰስ በደቂቃዎች ውስጥ ተለይቶ ታካሚው በጊዜ ሪፈር የተባለበት አጋጣሚ አለ። ባለሙያዎቹ ኋላ ላይ ልማዱን ለመተው የተቸገሩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ከምርመራው በፊት ታካሚዋ የፈቃድ ቅጽ በጣት አሻራ ፈርማለች። ቅጹ በአማርኛ የተጻፈ ሲሆን የሚናገረው ስለ ኮንትራስቱ ብቻ ነበር፤ አለርጂ፣ ኩላሊት፣ እርግዝና። ምስሉ ወደ ማን ሊላክ እንደሚችል አንድም መስመር የለውም። ያስረዳት አብሯት የመጣ ወንድሟ ነው፤ ምን ብሎ እንዳስረዳት የሚያውቅ የለም።

## የሆነው

ምርመራው ያለቀው ከቀኑ 11 ሰዓት አካባቢ ነው። ራዲዮሎጂስቱ በዕለቱ አልነበረም። ላኪው ሐኪም ደውሎ «ነገሩ ምን ይመስላል?» ሲል ተረኛው ራዲዮግራፈር ሦስት ምስሎችን ከስክሪን ላይ በስልኩ አንስቶ «ምን ትላላችሁ?» በሚል ጥያቄ ግሩፑ ላይ ለጠፈ። በምስሎቹ ጥግ ላይ ሙሉ ስሟ ከነአያቷ፣ ዕድሜዋ፣ ጾታዋ፣ የካርድ ቁጥሯ፣ የማዕከሉ ስምና የምርመራው ሰዓት ይነበባሉ። ስለ ሕመሟ ታሪክ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ከእንስሳት ጋር ማደጓንም የጠየቀ የለም።

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሦስት መልሶች መጡ። ሁለቱ ካንሰር ሳይሆን አይቀርም አሉ፤ ሦስተኛው ኤፍኤንኤ፣ ማለትም የመርፌ ናሙና፣ ይሠራላት አለ። ሌላ ምስል ይታይ ያለ የለም።

ከአባላቱ አንዱ ስሙን አወቀው። የሚያውቀው ቤተሰብ ነው። በእሱ አስተያየት ለመርዳት ብሎ ምስሉን ለአንድ የታካሚዋ ዘመድ «ቶሎ አዲስ አበባ ውሰዷት» ከሚል መልእክት ጋር አስተላለፈ። ከዚያ በኋላ ያለውን ለድሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በማግስቱ ጠዋት የዕቁብ ጓደኞቿ ሰምተዋል። ለታካሚዋ የነገረቻት የገበያ ጎረቤቷ ናት፤ «አላህ ያሽርሽ» ብላ አቅፋ አለቀሰች።

ታካሚዋ ውጤቷን ልትወስድ አልመጣችም፤ ስልኳንም ዘጋች። ራዲዮሎጂስቱ ሙሉውን ምርመራ በሦስተኛው ቀን ሲያነብ ያገኘው ሌላ ነገር ነበር። 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ ጠርዙ የለሰለሰ፣ ውስጡ ፈሳሽ የሆነና ኮንትራስት የማይወስድ ከረጢት ነው። ከሁሉ በላይ የሚመስለው ሃይዳቲድ ሲስት ሆነ፤ ከውሻ ሰገራ ጋር የሚወጣ የትል እንቁላል በምግብ ወይም በእጅ በኩል ወደ ሰው ሲገባ የሚፈጠር ከረጢት ነው። ሪፖርቱ «በመርፌ እንዳይነካ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነበረበት።

## ፎቶው ለምን አሳሳተ

ሲቲ ስካን እያንዳንዱን ነጥብ በቁጥር ይለካል። በሃውንስፊልድ መለኪያ አየር ከዜሮ በታች 1000፣ ውሃ 0፣ ሥጋማ የሰውነት ክፍል በግርድፉ ከ30 እስከ 60 ነው፤ ኮንትራስት የሚወስድ እጢ ከዚያም ይጨምራል። ማሽኑ ከ4000 በላይ ደረጃዎችን ይለያል፤ ዓይን ያን ሁሉ የግራጫ ልዩነት በአንድ ጊዜ ስለማያይ ስክሪኑ የተወሰነውን ክልል ብቻ መርጦ ያሳያል። ይህ ምርጫ ዊንዶው ይባላል።

የተለጠፉት ሦስቱም ፎቶዎች በሳንባ ዊንዶው የተነሱ ነበሩ። የተለመደው የሳንባ ዊንዶው መሐሉ ከዜሮ በታች 600፣ ስፋቱ 1500 ነው። ፈሳሽና ጠጣር እጢ በ40 ቁጥር ቢለያዩ፣ ልዩነቱ ከ1500 ውስጥ 3 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ሁለቱም ነጭ ሆነው ይታያሉ። ለለስላሳ ክፍሎች በሚውለው ዊንዶው፣ መሐሉ 40 ስፋቱ 400 በሆነው፣ ያው ልዩነት 10 በመቶ ስለሚሆን ዓይን ይለየዋል። ማሽኑ ራሱ በሚያወጣው የምስል ፋይል፣ በዳይኮም፣ ላይ ደግሞ በዓይን መለየት ራሱ አያስፈልግም፤ ክብ አስምሮ ቁጥሩን ማንበብ ይቻላል። ፎቶ ላይ ግን ዊንዶው መቀየርም ሆነ መለካት አይቻልም። ሲቲ ደረቱን ከፋፍሎ ከሚያነሳቸው ቁራጭ ምስሎች ከላይና ከታች ያሉትም የሉም፤ ከኮንትራስት በፊትና በኋላ ማነጻጸርም የለም። መልስ የሰጡት ባለሙያዎች ችሎታ አልጎደላቸውም፤ የቀረበላቸው ነገር መልስ የሌለው ነበር። ጥፋታቸው ይህን አለመናገራቸው ነው።

የመርፌው ምክር ከሁሉ የከፋው ነው። የሃይዳቲድ ከረጢት በሳንባ ውስጥ ሲበሳ ፈሳሹ ይፈስሳል፤ ለሕይወት የሚያሰጋ የአለርጂ ድንጋጤ ሊያስነሳ፣ ትሉንም በደረት ውስጥ ሊዘራ ይችላል። ታካሚዋ ደንግጣ ባትጠፋና ምክሩ በማግስቱ ቢፈጸም ኖሮ ይህ ጽሑፍ ስለ ምስጢር ባልሆነ ነበር።

## የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው እርምጃ ምስሉን መሰረዝ ነበር። የቴሌግራም ግሩፕ አስተዳዳሪ መልእክትን ከሁሉም ሰው ላይ ማጥፋት ይችላል፤ ይህም ተደረገ። ነገር ግን ስልኩ ፎቶዎችን በራሱ ወደ ጋለሪ እንዲያስቀምጥ የተደረገ አባል ቅጂው እጁ ላይ ቀርቷል። ከጋለሪው ወደ ክላውድ የሚያስቀምጥ ስልክ ሁለተኛ ቅጂ ይዟል። ወደ ሌላ ሰው የተላለፈው መልእክት ደግሞ የመጀመሪያው ሲሰረዝ አብሮ አይጠፋም። አባላቱ ከስልካቸው እንዲያጠፉ ተጠየቁ፤ ማጥፋታቸውን የሚያረጋግጥ መንገድ የለም። የወጣ ምስል ተመልሷል ብሎ ለታካሚ መናገር ሐሰት ነው፤ ማዕከሉም እንዲያ አላላትም።

ሁለተኛው እርምጃ ታካሚዋን ማግኘት ነው። ብዙ ጊዜ የወሰደውና ብዙ ያከራከረውም ይህ ነበር። ጠፍታ መቆየቷ አደገኛ ነው፤ ከረጢቱ በራሱም ሊፈነዳ ይችላል። ሆኖም እሷን ለመፈለግ የሚደረግ እያንዳንዱ ጥሪ ሌላ ምስጢር ማውጣት ሊሆን ይችላል። አራት መንገዶች ቀረቡ። ሰው ወደ ገበያው መላክ፦ ተሰረዘ፤ ከምርመራ ማዕከል የመጣ ሰው ሱቅ ለሱቅ ሲጠይቅ ወሬውን ማጽደቅ ነው። ምስሉን ባስተላለፈው ባለሙያ በኩል ቤተሰቡን ማግኘት፦ ፈጣን ነበር፤ ግን ስህተቱን በሠራው መስመር ላይ ሌላ መረጃ መጨመር ሆነ። ለወንድሟ ደውሎ እውነቱን መንገር፦ ቁጥሩ ካርዷ ላይ አለ፤ ውጤቷን እንዲሰማ ግን አልፈቀደችለትም። የተመረጠው አራተኛው ነው፤ ላኪው ሐኪም ራሱ ለወንድሟ እየደወለ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ብቻ እንዲናገር፦ «ውጤቷ ተዘጋጅቷል፣ ራሷ መጥታ ታነጋግረኝ።»

ወንድምየው በየጥሪው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር። «ካንሰር ነው አይደል ዶክተር?» እዚህ ላይ «አይደለም» ማለትም ውጤት መናገር ነው። ለአንዱ «አይደለም» ያለ ሰው ለሌላው ዝም ሲል ዝምታው ራሱ «ነው» ይሆናል፤ ስለዚህ የሚጸናው ደንብ ለማንም ምንም አለመናገር ነው። ሐኪሙ ለአንድ ሳምንት ያህል በዚህ ጸና። ከዚያ ግን «እንደተወራው አይደለም፣ መምጣቷ ግን የግድ ነው» አለ። በሁለት ቀን ውስጥ መጣች። በደንቡ መሠረት ይህ ያለፈቃድ የተነገረ መረጃ ነው፤ ማዕከሉም እንዲሁ ብሎ መዝግቦታል። ሆኖም መፈንዳት የሚችል ከረጢት ደረቷ ውስጥ ያለ ሰው ጠፍታ ሳለ የተነገረችን ያቺን ግማሽ ዓረፍተ ነገር ከምሽቱ ፎቶ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ትክክል አይመስልም። አነስተኛ ነበረች፤ ዓላማዋ ታካሚዋን ማዳን ነበር፤ ሌላ መንገድ ከተሞከረ በኋላ መጣች፤ ለታካሚዋም በግልጽ ተነገራት። ፎቶው ከእነዚህ አንዱንም አያሟላም።

ሦስተኛው እርምጃ ለታካሚዋ ሁሉንም መንገር ነው። በውይይቱ ላይ ላኪው ሐኪም፣ ራዲዮሎጂስቱና የማዕከሉ ኃላፊ ነበሩ። አስተርጓሚዋ አፋን ኦሮሞ የምትናገር ነርስ ናት፤ ዘመድ አልገባም። በቅድሚያ የሕክምናው ውጤት ተነገራት፤ ለዚህ ቅደም ተከተል ምክንያት አለው፣ ሞት ይጠብቀኛል ብሎ የመጣ ሰው ሌላ ነገር አይሰማም። ቀጥሎ የቱ ምስል እንደወጣ፣ ምን ምን ጽሑፍ እንደነበረበት፣ ስንት ሰው ያለበት ግሩፕ እንደሆነ፣ ምን እንደተሰረዘና ምን ሊመለስ እንደማይችል ተራ በተራ ተነገራት። ይቅርታውን የጠየቀው ኃላፊው ነው፤ ወጣቱ ራዲዮግራፈር ፊት ለፊት ቆሞ እንዲጠይቅ አልተደረገም። ለተቆጣጣሪው የጤና አካልና ለፖሊስ አቤት የማለት መብት እንዳላትም ተነገራት።

ሁለት ነገር ጠየቀች። አንደኛው «ማነው ያስተላለፈው?» የሚል ነበር። ማዕከሉ ስሙን አልሰጣትም፤ ሰውየው ለሚሠራበት መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማሳወቁንና አቤቱታ ካቀረበች ለሚመረምረው አካል ሙሉ መረጃ እንደሚሰጥ ነገራት። በዚህ ደስተኛ አልነበረችም። ሁለተኛው ጥያቄ የበለጠ ተግባራዊ ነው፦ «ለሰዉ ካንሰር እንዳልሆነ ማን ይነግርልኛል?» ይህን ማዕከሉ ሊያደርግ አይችልም። የተደረገው ሐኪሟ ለራሷ የተጻፈ አጭር ደብዳቤ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አዘጋጅቶ በእጇ መስጠት ነው። ለማን እንደምታሳይ እሷ ትወስናለች።

ወደ አዲስ አበባ ለደረት ቀዶ ሕክምና ስትላክ ሙሉው ምርመራ በዳይኮም ሲዲ ተሰጣት። ተራ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ፊልም ብቻ ይዞ የሄደ ታካሚ ብዙ ጊዜ ሲቲውን ይደግማል። አንድ የደረት ሲቲ 6 ሚሊሲቨርት ገደማ ጨረር ይሰጣል፤ ሰው በዓለም አማካይ ከተፈጥሮ በዓመት የሚያገኘው 2.4 ነው። ያለምክንያት የሚደገም ምርመራ ከገንዘቡም በላይ ነው። ከረጢቱ በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ ምንነቱም ተረጋገጠ፤ ከዚያ በኋላ አልቤንዳዞል የተባለው የትል መድኃኒት ታዘዘላት።

## በማዕከሉ ውስጥ የተሞከረው

መጀመሪያ የመጣው ሐሳብ እገዳ ነው። ስልክ ወደ ሲቲ ክፍል አይገባም ተባለ፤ ራዲዮግራፈሩም ከደመወዙ ተቀጣ። ሁለቱም አልሠሩም። ሐኪሞች «ምን ይመስላል?» ማለታቸውን አልተዉም፤ ራዲዮሎጂስቱም በየቀኑ መምጣት አልቻለም። ፎቶዎቹ ከግሩፑ ወጥተው በግል መልእክት መሄድ ጀመሩ። ይህ ከበፊቱ የባሰ ነው፤ በግሩፑ ላይ የተለጠፈ ነገር ቢያንስ ይታያል፣ ይሰረዛል፣ ይቆጠራል። ቅጣቱም ሌሎቹ ስህተታቸውን እንዲደብቁ አስተማረ። ሰው የሚሻገርበት ድልድይ ሳይሠራለት ወንዙን አትሻገር ማለት ያመጣው ይህንን ነው።

እገዳው ተነስቶ የተፈቀደ መንገድ ተዘረጋ። አሠራሩ እንዲህ ነው።

ለእያንዳንዱ ምክር የሚጠየቅበት ምርመራ ኮድ ይሰጠዋል። ኮዱ ከስም ጋር የሚገናኘው በአንድ መዝገብ ላይ ብቻ ነው፤ መዝገቡ በቁልፍ ይቀመጣል። ራዲዮግራፈሮቹ እዚህ ላይ ያነሱት ስጋት ተገቢ ነበር፦ ስም በምስል ላይ የሚጻፈው ታካሚ ከታካሚ እንዳይቀያየር ነው፤ ስሙን ማጥፋት ሌላ አደጋ ይከፍታል። ስጋቱ በሥራ ላይ ታየ። መጀመሪያ ኮዱ የዕለቱ ቀንና ተራ ቁጥር ነበር፤ አንድ ቀን የሁለት ታካሚዎች ተራ ተቀያየረ። የተደረሰበት መልስ ሲመጣ ጾታው አልገጥም ስላለ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀድሞ የታተመ ቁጥር ያለው ተለጣፊ ወረቀት ሥራ ላይ ዋለ፤ አንዱ በትእዛዝ ወረቀቱ፣ አንዱ በመዝገቡ ላይ ምስሉ ከመላኩ በፊት ይለጠፋል። መልስ የሚሰጠውም ባለሙያ ኮዱን፣ ጾታውንና የዕድሜ ክልሉን ደግሞ ይጽፋል።

ምስሉ በዳይኮም ይላካል፤ ፎቶ አይላክም። «ኢንተርኔቱ አይችልም» የሚለው ክርክር በስሌት ተፈታ። አንድ የሲቲ ቁራጭ ምስል 512 በ512 ነጥብ ሆኖ ግማሽ ሜጋባይት ያህል ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ደረት በ1 ሚሊ ሜትር ሲቆረጥ 300 ምስል፣ 150 ሜጋባይት ይሆናል። በ5 ሚሊ ሜትር እንደገና ሲዘጋጅ ግን 60 ምስል፣ 30 ሜጋባይት ነው፤ ሳይበላሽ ሲታመቅ ከዚያም ያንሳል። ይህ በሞባይል ዳታ ይሄዳል። ለመጀመሪያ ምክር 5 ሚሊ ሜትሩ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ቀጭኑ ለመደበኛው ሪፖርት ማዕከሉ ውስጥ ይቀራል።

ስም ማጥፋት አንድ ቁልፍ ተጭኖ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። የዳይኮም ፋይል ከምስሉ በተጨማሪ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የካርድ ቁጥር፣ የላኪ ሐኪም ስምና የተቋም ስም በውስጡ ይይዛል። ማጽጃ ሶፍትዌር እነዚህን ያጠፋል። የሚያመልጡት ሌሎች ናቸው። ማሽኑ በመጨረሻ የሚጨምረው የጨረር መጠን ገጽ ራሱ ምስል ነው፤ በላዩ የተጻፈ ስም የምስሉ አካል ስለሆነ አይጠፋም። ስካን ተደርጎ አብሮ የተቀመጠ የትእዛዝ ወረቀትም እንዲሁ ነው። በሲዲ ላይ ያለው የማውጫ ፋይል የታካሚውን ስም ለብቻው ይይዛል። የፎልደሩም ስም አብዛኛውን ጊዜ የታካሚው ስም ነው። ስለዚህ የጨረር ገጹና የተቃኙ ወረቀቶች ከሚላከው ውስጥ ይወጣሉ፣ ማውጫው አይላክም፣ ፎልደሩ በኮዱ ይሰየማል። ከዚያ ሁለተኛ ሰው በሌላ ኮምፒውተር ከፍቶ ያየዋል። ይህ ሁለተኛ ዓይን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ስህተት የፎልደር ስም ነው።

የሚቀበሉት ደግሞ የምስጢር ግዴታ የፈረሙ ጥቂት ራዲዮሎጂስቶች ብቻ ናቸው። ከምስሉ ጋር አጭር ታሪክ የግድ ይላካል፦ የዕድሜ ክልል፣ ጾታ፣ ዋናው ሕመም፣ የቆየበት ጊዜ፣ የቀደሙ ምርመራዎች፣ ከእንስሳት ጋር ንክኪ። ታሪክ የሌለው ጥያቄ ሳይነበብ ይመለሳል። መልሱ «ጊዜያዊ ምክር» ተብሎ ይመዘገባል፤ ለታካሚ እንደ ውጤት አይነገርም።

ለድንገተኛ ጉዳይ፣ ለምሳሌ ለጭንቅላት ጉዳትና ለስትሮክ፣ ስልክ ይቀድማል። ራዲዮግራፈሩ ለተረኛው ራዲዮሎጂስት ይደውላል፤ ምስሉ በመንገዱ ላይ እያለ ታሪኩ በቃል ይነገራል። ይህ ባይኖር ኖሮ ሌሊት ላይ ሁሉም ወደ ካሜራው ይመለስ ነበር።

የፈቃድ ቅጹም ተቀየረ። ለምርመራው፣ ለሌላ ባለሙያ ምክርና ለማስተማሪያ ሦስት የተለያዩ ፊርማዎች አሉት፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አለመፈረም ምርመራውን አያስቀርም። «ውጤቴን ከእኔ ሌላ የሚሰማው» የሚል ባዶ ቦታ ተጨመረ፤ ቤተሰብ ውጤቱን ከታካሚው በፊት መስማት በተለመደበት አካባቢ ይህ ባዶ ቦታ ብዙ ጭቅጭቅ አስቀርቷል። ቅጹ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ ይነበባል። ማንበብ ለማይችል ታካሚ ማን እንዳነበበለት ስሙ ይጻፋል።

## የሕጉ ቦታ

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መብት ተከብሯል። የወንጀል ሕጉ የሙያ ምስጢር ማውጣትን ያስቀጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መረጃዎች ይመድበዋል። የለጠፈውም ያስተላለፈውም ሰው ይህን አያውቁም ማለት ያስቸግራል። «ለሥራ ነው» የሚለው ምክንያት ግን ሁለቱንም ሸፍኗቸዋል። ምክር መጠየቅ የሥራ አካል ነው፤ ስሙ ግን ለምክሩ አንዳች አይጨምርም። ለሥራው የማይጠቅም መረጃ ከሥራው ጋር ተጎትቶ ሲወጣ ነው ጥፋቱ የሚጀምረው።

## ለሌሎች ተቋማት የሚጠቅመው

ራዲዮሎጂስት በየዕለቱ የማይገኝበት ማንኛውም ማዕከል፣ ሐረርም ይሁን ጅግጅጋ፣ ይህን የመሰለ ፎቶ በሠራተኞቹ ስልኮች ውስጥ አለ ብሎ መነሳት ይሻላል። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ለጠፈ?» ሳይሆን «ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ራዲዮግራፈሩ ማንን ይጠይቃል?» ነው። ለዚህ መልስ የሌለው ተቋም የምስጢር መመሪያ ቢጽፍ ወረቀት ነው።

ግሩፑን መዝጋት የማይቻል ከሆነ ጉዳቱን የሚቀንሱ ነገሮች አሉ። በቴሌግራም የግሩፕ ቅንብር ውስጥ ማስተላለፍና ማስቀመጥን መከልከል ይቻላል፤ አዲስ የገባ አባል የቀድሞውን እንዳያይም ማድረግ ይቻላል። በአባላቱ ስልክ ላይ በራሱ የሚያስቀምጠው ቅንብር መጥፋት አለበት። ሆኖም የቴሌግራም ግሩፖች ከጫፍ እስከ ጫፍ (ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ማንም እንዳያነበው) የተመሰጠሩ አይደሉም፤ በመልእክት ልውውጥ ይህ ባሕርይ ያለው ለሁለት ሰው በሚሆነው ምስጢራዊ ውይይት ላይ ብቻ ነው። በሌላ ስልክ ካሜራ ስክሪኑን የሚያነሳን ሰው ደግሞ የሚከለክል ቅንብር የለም።

የጭንቅላት ምርመራ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በቀጭን የተቆረጠ የጭንቅላት ሲቲ ወይም ኤምአርአይ ወደ ባለ ሦስት አቅጣጫ (3ዲ) ምስል ሲቀየር የታካሚው ፊት ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 በማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት ከ84 ፈቃደኞች የ70ዎቹን ኤምአርአይ በፊት መለያ ሶፍትዌር ከፎቶግራፋቸው ጋር አዛምዷል። ስም ማጥፋት ለደረት ሊበቃ ይችላል፤ ለጭንቅላት ግን ወፍራሙን ቁራጭ መላክ ይመረጣል።

መልስ ለሚሰጡትም አንድ ነገር አለ። «በዚህ ምስል መናገር አይቻልም» የሚለው መልስ ሙያዊ መልስ ነው። ያን ምሽት ከሦስቱ አንዱ ይህን ጽፎ ሙሉውን ምርመራ ቢጠይቅ፣ ቢያንስ የመርፌው ምክር አይጻፍም ነበር።

## ገና ያልተፈታው

አልትራሳውንድ አልተስተካከለም። በአብዛኞቹ የአልትራሳውንድ ማሽኖች ስሙ በምስሉ ነጥቦች ላይ ስለሚታተም ማጽጃው አይነካውም። ማዕከሉ አሁን የሚያደርገው ምክር ይጠየቅበታል ተብሎ የሚታሰበውን ታካሚ ከመጀመሪያው በኮድ መመዝገብ ነው፤ ግን ምክር እንደሚያስፈልግ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ምርመራው ካለቀ በኋላ ነው።

የድሮው ግሩፕም አልተዘጋም። አስተዳዳሪዎቹ የማዕከሉ ሠራተኞች አይደሉም፤ የቆዩ ምስሎችን እንዲያጠፉ የቀረበላቸው ጥያቄ በከፊል ተፈጽሟል። ምስሉን ያስተላለፈው ባለሙያ በመሥሪያ ቤቱ ተጠይቋል፤ የደረሰው ውሳኔ ለማዕከሉ አልተነገረም።

ራዲዮሎጂስቱ ምርመራውን፣ ስሟ ጠፍቶ፣ ለተማሪዎች ማስተማሪያ ለማዋል ጠይቋት ነበር። በሳንባ ዊንዶውና በሌላው መካከል ያለውን ልዩነት እንደዚህ የሚያሳይ ምርመራ በቀላሉ አይገኝም። በአዲሱ ቅጽ ሦስተኛ ቦታ፣ ለማስተማሪያ በሚለው፣ ላይ አልፈረመችም፤ ምርመራውም ከማስተማሪያው ስብስብ ውጪ ሆነ።